አስፋልት ላይ ለሚውል ፒካፕ ኦል ቴሬይን ጎማ እንዴት ይመረጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፒካፕ ሳምንቱን የሚያሳልፈው አስፋልት ላይ ነው። ሃይሉክሱም፣ ዲማክሱም፣ ኤል 200ውም ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ይመላለሳል። ቅዳሜ ሲሆን ወደ ሳይት ወይም ወደ እርሻ ይወጣል። በዓል ሲደርስ ቤተሰብ ጭኖ ገጠር ይገባል። ጎማ ሲገዛ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ያቺን የቅዳሜ መንገድ ብቻ ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ ጎኑ ወፍራም፣ ሲያዩት ግርማ ያለው ጎማ ይገዛል። ከዚያ ከሰኞ እስከ አርብ እየጮኸ፣ ናፍጣ እየበላ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ እየተንሸራተተ ይነዳል።

እኔ ጎማ ምረጥልኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጭቃ አይደለም። በሐምሌ ዝናብ፣ በረጠበ አስፋልት ላይ፣ ፊት ለፊት ያለው ሚኒባስ ድንገት ሲቆም መኪናህ ይቆማል ወይ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሚከተሉትን ደረጃዎች በዚህ ሐሳብ ነው የደረደርኳቸው።

1. መንገዳችሁን እወቁ

ለፒካፕ የሚሸጡ ጎማዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ኤች/ቲ የሚባለው ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ኤም/ቲ ለጭቃ ነው፤ ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ሰፊ ነው። ኤ/ቲ ወይም ኦል ቴሬይን በሁለቱ መሃል ይገኛል። አሁን አሁን በኤ/ቲ እና በኤም/ቲ መካከል አር/ቲ የሚባልም ገብቷል። አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ኤም/ቲም ሆነ አር/ቲ አያስፈልገውም።

እስኪ ያለፈውን አንድ ወር አስታውሱ። ከአስፋልት ስንት ጊዜ ወጣችሁ? የወጣችሁበትስ መንገድ ምን ይመስል ነበር? መልሱ "አልፎ አልፎ፣ ደህና በተጠረገ ፒስታ፣ ያውም በበጋ" ከሆነ ጥሩ ኤች/ቲ ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን አትርፉ። ሹል ድንጋይ ባለበት ኮረኮንች በየሳምንቱ የምትሄዱ ከሆነ፣ ወይም እርጥብ ሣርና ለስላሳ አፈር የምትረግጡ ከሆነ ግን ኤ/ቲ ዋጋውን ያወጣል። ጥቅሙ ከጭቃው ይልቅ ድንጋዩ ላይ ይታያል። ጥርሱ ወፍራም ስለሆነ በቶሎ አይቆራረጥም፣ ብዙዎቹ ጎናቸውም የተጠናከረ ነው።

ስለ ዋልካ አንድ ነገር ልበል። ጥቁሩ አፈር በክረምት ሲረጥብ የኤ/ቲ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ጎማውም ወዲያው ሙልጭ ያለ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቦታ ኤም/ቲም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። በዓመት ሁለት ቀን ለሚያጋጥም ዋልካ ብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚጮህ ጎማ መግዛት አያዋጣም። መሬቱ እስኪጠነክር መጠበቅ ወይም መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ መግባት ይሻላል።

2. በሩን ከፍታችሁ አንብቡ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሹፌሩን በር ክፈቱ። በሩ በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ትንሽ ወረቀት አለ። የጎማው ልክና የንፋሱ መጠን እዚያ ተጽፏል። ፎቶ አንሱት። አሁን መኪናው ላይ ያለውን ጎማ ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ፤ የቀድሞው ባለቤት ልኩን ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ብዙ ሃይሉክስ ላይ 265/65 አር 17 ታገኛላችሁ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። አር ራዲያል (የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉበት አሠራር) መሆኑን ይናገራል። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ከዚህ ቀጥሎ 112 ኤስ የሚል ካለ፣ 112 አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ያሳያል፤ 1,120 ኪሎ ነው። ኤስ ደግሞ የፍጥነቱ ጣሪያ ነው፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር። ኪው ከሆነ 160፣ ቲ ከሆነ 190 ነው። የምትገዙት ጎማ በሁለቱም ከፋብሪካው በታች መሆን የለበትም።

3. እንደ ጭነታችሁ ምረጡ፦ ተራው፣ ሲ ወይስ ኤልቲ?

ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያልፈው ይሄን ነው። አንድ ዓይነት ጥርስ፣ አንድ ዓይነት ስም ያለው ጎማ በተለያየ አካል ተሠርቶ ይሸጣል። ልኩ የሚጀምረው በቀጥታ በቁጥር ከሆነና መጨረሻው ላይ ሲ ከሌለው ተራ ጎማ ነው። መጨረሻው ላይ ሲ ካለው ለቀላል ጭነት መኪና የተጠናከረ ነው። መጀመሪያው ላይ ኤልቲ የሚል ካለው ደግሞ ለጭነት ተብሎ የተሠራ የአሜሪካ ደረጃ ነው።

ኤልቲ ጠንካራ ነው። ቢኤፍ ጉድሪች ኬኦ2 የሚባለው ኤ/ቲ ጎማ በዚሁ በ265/65 አር 17 ልክ ሲመጣ ኤልቲ ነው፤ የጭነት ቁጥሩም 120 ነው፤ 1,400 ኪሎ ማለት ነው። ከላይ ካየነው 1,120 ጋር አነጻጽሩት። "ታዲያ ጠንካራው አይሻልም?" ትሉ ይሆናል። ሁልጊዜ አይሻልም። ኤልቲ ከባድ ነው። ጎኑ ደረቅ ስለሆነ ባዶ ፒካፕ ላይ ሲታሰር መኪናው ይዘላል፤ የኋላው ቀላል ነውና ኮብልስቶንና ጉብታ ላይ በደንብ ይሰማችኋል። ተመሳሳይ ጭነት ለመሸከምም ከተራው ጎማ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። ስለዚህ ኤልቲ አስገብታችሁ በሩ ላይ የተጻፈውን ንፋስ ብቻ ከሞላችሁ ያነሰ ነው የሞላችሁት። የጎማው አምራች የሚያወጣውን የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ፈልጋችሁ በዚያ አስተካክሉ።

ሲሚንቶ፣ ብረት ወይም እህል አዘውትሮ የሚጭን ፒካፕ ሲ ወይም ኤልቲ ይገባዋል። ፋብሪካው ሲ ጎማ ካደረገለት ደግሞ ወደ ተራው መውረድ በፍጹም አይታሰብም። ሰውና ሻንጣ ብቻ የሚያመላልስ፣ ከፋብሪካውም በተራ ጎማ የወጣ ከሆነ ተራውን ኤ/ቲ ውሰዱ። ለአስፋልት የሚመቸው እሱ ነው።

ሻጩ "ባለ 10 ፕላይ ነው" ካላችሁ ውስጡ 10 ሽፋን አለ ማለት እንዳይመስላችሁ። ድሮ ጎማ በጥጥ ክር በሚሠራበት ዘመን የሽፋኑ ብዛት ነበር፤ ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ መጠሪያ ነው።

4. ጥርሱን በእጃችሁ ዳብሱ

ጎማው ፊት ቁጢጥ በሉና መሃሉን ተመልከቱ። አስፋልት ላይ መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የመሃሉ ክፍል ነው። ጥርሶቹ ተቀራርበው ወይም እርስ በርስ ተያይዘው ከሆነ ጥሩ ነው። አንዱን ጥርስ በአውራ ጣታችሁ ወደ ጎን ግፉት። ብቻውን የቆመ ረጅም ጥርስ ሲገፉት ይወዛወዛል፤ አስፋልት ላይም እንደዚያው ይወዛወዛል፤ መሪው ላይም ልል ሆኖ ይሰማችኋል።

ቀጥሎ ጥርሱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ስንጥቆች ፈልጉ። በምላጭ የተሰነጠቁ ነው የሚመስሉት። ጎማው ሲንከባለል ይከፈታሉ፣ ውሃውን ቆርጠው ላስቲኩ አስፋልቱን እንዲነካ ያደርጋሉ። በዝናብ የሚያድኗችሁ እነዚህ ናቸው። አንድ የስልክ ሲም የሚመጣበትን ዓይነት ቀጭን ካርድ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡና ጥልቀቱን እዩ። አንዳንዱ ጎማ ላይ ስንጥቁ ከላይ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ግማሽ ሲያልቅ ስንጥቁ ቀድሞ ይጠፋል። አዲስ እያለ ዝናብ ላይ ደህና የነበረ ጎማ በሁለተኛው ክረምት የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

ከዚያ በቁመቱ የሚሄዱትን ቦዮች ተመልከቱ። ከጎማው ሥር ውሃው የሚወጣው በእነሱ ነው። የቦዩ ወለል ላይ ትንንሽ ጉብታዎች ካሉ ጠጠር እንዳይሰነቀር የሚገፉ ናቸው፤ ኮረኮንች ለሚነካ ሰው ጠቃሚ ናቸው። የጥርሶቹ መጠንም አንድ ዓይነት ባይሆን ይመረጣል። ሁሉም እኩል ሲሆኑ አንድ ወጥ ጩኸት ያወጣሉ፤ የተለያዩ ሲሆኑ ድምፁ ይበተናል።

በስም ለመጥራት ያህል፣ ዮኮሃማ ጂኦላንዳር ኤ/ቲ ጂ015 እና ብሪጅስቶን ዱለር ኤ/ቲ 001 ለዘብ ካሉት ኤ/ቲዎች ወገን ናቸው። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ኬኦ2 ወደ ድንጋዩ ያደላ ነው። ሁለቱም ወገን ጥሩ ጎማ አለው። ለከተማ ፒካፕ ግን እኔ የምመርጠው ለዘብ ያለውን ነው።

5. የእርጥብ አስፋልት ደረጃውን ፈልጉ

ዓይን የማይነግራችሁ ነገር አለ። የላስቲኩ ጥራት በመዳበስ አይታወቅም። ደግነቱ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጡ ጎማዎች መለያ ወረቀት አላቸው። ወረቀቱ ሦስት ዋና ነገር ያሳያል፦ ነዳጅ ቁጠባ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ አያያዝና ድምፅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኤ እስከ ኢ ባለው ደረጃ ይሰጣሉ፤ ኤ የተሻለው ነው። ድምፁ በዴሲቤል ነው። ኢፕሬል በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ክፍት መዝገብ ውስጥ የጎማውን ስምና ልክ አስገብታችሁ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። ስልክ ላይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልኩን በትክክል አስገቡ። አንድ ስም ያለው ጎማ በአንዱ ልክ የሲ ደረጃ፣ በሌላው የኢ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። ኤ/ቲ ብዙ ጊዜ ከኤች/ቲ ዝቅ ይላል፤ ይሄ የጥርሱ ዋጋ ነው። ከሁለት ኤ/ቲ አንዱን ስትመርጡ ግን በእርጥብ አያያዝ የተሻለ ፊደል ያለውን ውሰዱ።

የጎማው ጎን ላይ "ትሬድዌር" የሚል ቁጥር ካያችሁ ጥርሱ ቶሎ አለማለቁን የሚያሳይ ደረጃ ነው። ከኪሎ ሜትር ጋር አታምታቱት፤ 600 ማለት 60,000 ኪሎ ሜትር ማለት አይደለም። አጠገቡ ያለው ትራክሽን የሚለው ፊደል በእርጥብ መንገድ ቀጥታ ሲቆም ያለውን አያያዝ ይነግራል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ድርብ ኤ ነው። ኤልቲ ጎማ ላይ ይሄን ጽሑፍ አታገኙትም፤ ደረጃው እሱን አይመለከትም።

የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ለበረዶ ተፈትኖ ያለፈ መሆኑን ያሳያል። እዚህ አገር ለእሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

6. ልኩን አታሳድጉ

መኪናው ከፍ ብሎ እንዲታይ ትልቅ ጎማ ማስገባት ፋሽን ሆኗል። ሂሳቡን እንሥራው። 265/65 አር 17 ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265/70 አር 17 ደግሞ 803 ይደርሳል። ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው። ዳሽቦርዱ 100 ሲላችሁ በእውነቱ ወደ 103 እየሄዳችሁ ነው። ማርሹ ይከብዳል፣ ናፍጣ ይጨምራል፣ ፍሬኑም የበለጠ ይለፋል። መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን የሚነካም አለ። አስፋልት ላይ በምላሹ የምታገኙት ጥቅም የለም።

የቸርኬውን ልክ ማሳደግም አልመክርም። ቸርኬው በጨመረ ቁጥር የጎማው ጎን ያጥራል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጎኑ በቸርኬውና በአስፋልቱ ጠርዝ መሃል ተጨፍልቆ ይቆረጣል። ጎኑ የተቆረጠ ጎማ ደግሞ ምንም ጎበዝ ጎሚስታ ቢያገኝ አይለጠፍም።

7. የተሠራበትን ቀን እዩ

ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2324 ከሆነ በፈረንጆች 2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ በእኛ ግንቦት 2016 መጨረሻ አካባቢ መሆኑ ነው። ቁጥሩ በአንደኛው ጎን ብቻ ሊሆን ይችላል። "ወንድሜ፣ እስኪ ገልብጥልኝ" በሉት፤ ሻጩ አይቀየማችሁም። አራቱንም እዩ፤ ከተለያየ ዓመት የተሰባሰቡ እንዳይሆኑ።

ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ፀሐይ በሚመታው ሱቅ በር ላይ ለወራት የተደረደረ ጎማ በጥላ ከተቀመጠው ቀድሞ ይደርቃል። ብዙ አምራቾች ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲቀየር ይመክራሉ። ከውጭ የሚገባ ያገለገለ ጎማ ርካሽ ነው፤ ጥርሱም ደህና ሊመስል ይችላል። የት እንደተጋጨ፣ በስንት ንፋስ እንደተነዳ ግን ማንም አይነግራችሁም። በፍጥነት መንገድ ቤተሰብ ይዤ የምሄድበት መኪና ላይ አላስገባውም።

8. ስንት ትገዙ?

ቢቻል አራቱንም፣ ስኮርታውንም ጨምሮ። በተለይ ፎር ዊል ስታስገቡ የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት መለያየት የለበትም፤ ማርሹን ይጎዳል። አቅም ካልፈቀደና ሁለት ብቻ ከገዛችሁ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይሂዱ። ብዙ ሰው ፊት ነው የሚያስገባው፤ መሪው ያለው እዚያ ስለሆነ። ነገር ግን የፊቱ ሲንሸራተት ሹፌሩ ይሰማዋል፣ ፍጥነት ቀንሶ ያስተካክለዋል። የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይዞራል። ባዶ ፒካፕ ደግሞ ከድሮውም ኋላው ቀላል ነው።

ሲታሰር ቫልቩ አዲስ ይሁን። አራቱም ባላንስ ይደረጉ፣ ከዚያ አላይመንት አሠሩ። ይሄን ሳታሠሩ አዲስ ጎማ ካስገባችሁ ጥርሱ በአንድ ጎን ይበላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና አስጠብቁ። አዲስ ጎማ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ የሚያንሸራትት ቅባት አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብላችሁ ንዱ።

9. ንፋሱና ክትትሉ

ንፋስ የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ። ጎማው ከጋለ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በዚያ ተታላችሁ አታስተንፍሱት። በሩ ላይ ለባዶና ለጭነት የተለያየ ቁጥር ካለ ሁለቱንም ተጠቀሙበት። በሳምንት አንዴ መለኪያ ማንሳት ከባድ ሥራ አይደለም።

ወደ ቆላ የምትወርዱ ብዙ ጊዜ ስለ ንፋስ ትጠይቃላችሁ። ከአዲስ አበባ ሰመራ ስትወርዱ ሁለት ነገር ይከሰታል። የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው በ3 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያ አሃድ) ገደማ ዝቅ ብሎ ያነባል። ሙቀቱ ደግሞ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በ3 ፒኤስአይ ገደማ ያነሳዋል። ስለዚህ ጠዋት ቤት የሞላችሁት ሰመራ ላይ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ስትለኩት እዚያው አካባቢ ይሆናል። "በረሃ ስለሆነ ቀንሱ" የሚል ምክር ብትሰሙ እሺ አትበሉ። ጎማ በሙቀት አገር የሚፈነዳው በአብዛኛው ንፋሱ አንሶ፣ ጭነቱ በዝቶ፣ ጎኑ ሲተጣጠፍ ስለሚግል ነው።

ከ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ የፊቱንና የኋላውን አቀያይሩ። ኤ/ቲ ካልተቀያየረ ጥርሶቹ እንደ መጋዝ ተንሸዋርረው ይበላሉ፤ ጩኸቱም የሚብሰው ያኔ ነው። ቦዮቹ ውስጥ የማለቂያ ምልክት የሆኑ ድልድዮች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር ሲስተካከል 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። እዚያ እስኪደርስ አትጠብቁ። በግንቦት የጥልቀት መለኪያ ይዛችሁ አራቱንም ለኩ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ሰኔ ሳይገባ ቀይሩ።